ደቡብን የሚያይ ተዳፋት፦ በላንጌ የወይን አገር የፎቶግራፍ አንሺው ቀን

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንት ክልል፣ ከታናሮ ወንዝ በስተቀኝ በአልባ ከተማ ዙሪያ የተዘረጋው ላንጌ የተባለ ኮረብታማ አገር በወይን ጠጁ የሚታወቀውን ያህል በመልኩም የሚታወቅ ሲሆን፣ በየዓመቱ የወይን ለቀማ ሲደርስ ካሜራ ያነገቡ ተጓዦች ይህን መልክ ፍለጋ ይጎርፉበታል። ተጓዦቹ የተፈጥሮ ስጦታ አድርገው የሚያዩት ውበት ግን አብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው፤ በየትኛው ገመገም ወይን፣ በየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ሣር እንደሚበቅል የተወሰነው ገበሬው የፀሐይን መንገድ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበለ ካጠና በኋላ ነው። ዩኔስኮም በ2014 የላንጌን፣ የሮኤሮንና የሞንፌራቶን የወይን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው እንደ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንደሠሩት ቦታ ነው። ፎቶግራፍ አንሺውም ቀኑን የሚያቅደው በዚያችው ፀሐይ መንገድ በመሆኑ እርሱና ገበሬው የሚያጠኑት ነገር አንድ ነው፤ የሚፈልጉት ሰዓት ግን ተቃራኒ ነው። ለወይኑ የሚበጀው ብርሃን ለሥዕሉ የማይበጅበትን ምክንያት የተረዳ ሰው፣ በላንጌ የሚውል የፎቶግራፍ ቀን ከጎህ እስከ ምሽት ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደሚደለደል ለመረዳት አይቸገርም። (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ደግሞ አንባቢው እንደለመደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።)

ከላንጌ ወይን ጠጆች ሁሉ ስመ ጥሩ ባሮሎ ሲሆን፣ ይህን ስም በጠርሙሱ ላይ መጻፍ የሚፈቀደው በ11 አነስተኛ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደሮች ክልል ውስጥ ከለማ፣ ነቢዮሎ ከተባለ ጥቁር የወይን ዝርያ ብቻ ለተጠመቀ ወይን ጠጅ ነው። የአመራረቱ ደንብ ወይኑ የሚተከልበት መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ170 ሜትር ያላነሰ፣ ከ540 ሜትርም ያልበለጠ ከፍታ እንዲኖረው ያዝዛል፤ እርጥበት ያዘለውን ዝቅተኛ የሸለቆ ወለል አይቀበልም፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረውን ተዳፋትም፣ ማለትም ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ በ45 ዲግሪ ውስጥ የሚወድቀውን ሁሉ፣ ከናካቴው ያስወጣዋል። ደንቡ ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ ከማስፈር ያለፈ አዲስ ጥበብ አላመጣም፤ ሆኖም ዛሬ ከኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ወይኑ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን መስመር ሲከተል፣ ይህንኑ አንቀጽ በመሬት ላይ ተሥሎ እንደሚያየው ማወቅ አለበት።

አንቀጹ ምን ያህል ተገቢ እንደሆነ ቀላል ሥሌት ያሳያል። ላንጌ የሚገኘው በሰሜን ኬክሮስ 44.6 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ፣ ነቢዮሎ በሚለቀምበት በኦክቶበር አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ በጥቅምት መጀመሪያ፣ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የፀሐይ ጨረር አንድን ወለል የሚያሞቀው እንደሚያርፍበት ማዕዘን ነው፤ ፊት ለፊት ሲያርፍ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፣ ሲያጋድል ግን ያው ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በዚህ መሠረት በዚያች ቀትር ሜዳማ መሬት ከሙሉው ጨረር 60 በመቶ ገደማ ሲደርሰው፣ 20 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ተዳፋት 84 በመቶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ያዘነበለው ደግሞ 29 በመቶ ብቻ ይደርሰዋል፤ አንድ ሸንተረር ብቻ በሚለያያቸው ሁለት ገመገሞች መካከል ያለው ልዩነት ሦስት እጥፍ ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው ማለት ነው። ነቢዮሎ ቀድሞ አቆጥቁጦ ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ በመሆኑ ይህ ልዩነት ይበስላል ወይስ ሳይበስል ይቀራል የሚለውን ይወስናል። ስለዚህም የአካባቢው ገበሬ በክረምት በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥለትን፣ ሶሪ ብሎ የሚጠራውን ደቡብ ተኮር ተዳፋት ለነቢዮሎ ሰጠ፤ ትንሽ ጎደል ያለ ብርሃን የሚያገኘውን ቀድሞ ለሚበስለው ዶልቼቶ ተወ፤ ሰሜናዊውን ገመገም ደግሞ ለጫካና ለሃዘልነት ዛፍ ለቀቀ። በ1946 በአልባ የተመሠረተው የፌሬሮ ጣፋጭ ኩባንያ ሃዘልነትን ከቸኮሌት ጋር አዋህዶ ለዓለም መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ያ ገመገም የተናቀ መሬት መሆኑ ቀርቷል።

የወይኑ መደዳዎች አተካከልም ለካሜራው ትልቅ ትርጉም አለው። በላንጌ መደዳዎቹ በአብዛኛው ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን ኮረብታውን በአግድም እየዞሩ የሚተከሉ ሲሆን፣ ጣሊያኖች ጂራፖጆ የሚሉት ይህ ዘዴ ሠራተኛው ሳይወጣና ሳይወርድ በደልዳላ መስመር እንዲሠራ ከማስቻሉም በላይ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስደው ያግዛል። አፈሩ በሚዮሲን ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ፣ ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት፣ ማርል የሚባል ደለል በመሆኑ በቀላሉ የሚሸረሸር ነው፤ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላ ፈዛዛ ስለሆነ አዲስ በታረሰ ቦታ ላይ በሥዕሉ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። ጎብኚውን የሚማርኩት እነዚያ ኮረብታውን የከበቡ ጠመዝማዛ መስመሮች እንግዲህ አፈር ለመጠበቅ የተሠሩ ናቸው።

መስመሮቹ በሥዕል ላይ የሚወጡት ግን በጥላቸው ነው፤ የገበሬውና የፎቶግራፍ አንሺው ፍላጎት የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው መደዳ ከላይ በተጠቀሰው የቀትር ፀሐይ ፊቱን ወደ ደቡብ በሰጠ ባለ 20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የሚጥለው ጥላ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያም ጥላ ከተክሉ በስተጀርባ ሽቅብ ስለሚወድቅ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ይሰወራል፤ ተዳፋቱም አንድ ወጥ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ግድግዳ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ ስትል ግን ያው መደዳ በሜዳ ላይ ከ11 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። ከዚህ ላይ ብዙ የፎቶግራፍ መምሪያዎች የሚዘሉት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ደቡብን በሚያይ ተዳፋት ላይ በአግድም የተተከለ መደዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ደግሞ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ፈንጠር ብላ በመሆኑ፣ የማለዳው ጨረር መደዳዎቹን በማቋረጥ ፈንታ በመካከላቸው ባለው መተላለፊያ ርዝመት ሰተት ብሎ ይገባል። ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ የሚሸነትሩት ገመገም ምሥራቅን ወይም ምዕራብን የሚያየው ነው። ለወይን ጠጅ አንደኛ የሚባለው ተዳፋት ለማለዳ ሥዕል ሁለተኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በታዋቂ የእርሻ ስም ብቻ ተመርቶ ቦታ የሚመርጥ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ለዚሁ ነው።

በዚህ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 አለፍ ብሎ ሲሆን፣ የፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል። የመጀመሪያው መቆሚያ ብዙውን ጊዜ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የላ ሞራ ከተማ ናት፤ ከአደባባይዋ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲታይ የባሮሎ አገር ከነግንቦቹና ከነመንደሮቹ ከእግር ሥር ይዘረጋል። እዚያ የሚጠበቀው ነገር ጉም ነው። ሰማይ በጠራበትና ነፋስ በረጋበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች፤ እርሷን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ በኮረብታው ጎን ወርዶ በሸለቆው ይተኛል፤ የያዘውም እርጥበት ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ተለውጦ፣ የአየር ጠባይ ሊቃውንት የጨረር ጉም የሚሉትን ይፈጥራል። ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር ሽቅብ እንዳይወጣ ስለሚያግደው፣ ጉሙ በአንድ ከፍታ ላይ ተቆርጦ ይቀርና የኮረብታዎቹ ጫፎች ከላዩ ላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ለፎቶግራፍ አንሺው ሲሳይ የሆነው ይህ የቀዝቃዛ አየር ኩሬ ገበሬውን ከሸለቆው አስወጥቶ ወደ ገመገሙ ያወጣው ያው ጠላት ነው፤ በጸደይ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቡቃያ በውርጭ የሚያቃጥለው የሸለቆው ብርድ ነውና።

ጉምን ለማንሳት የካሜራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ስለሚገምት፣ ብሩህ ነጭ የሆነውን ጉም ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፤ ውጤቱም የጨቀየ ውሃ የሚመስል ምስል ነው። ስለሆነም አንሺው በራሱ ፈቃድ ከመለኪያው ንባብ በላይ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ወደ ሴንሰሩ የሚገባውን ብርሃን በእጥፍ የሚያሳድግ አንድ ደረጃ፣ ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጥ ይጨምራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ብቅ ካለች በኋላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠበቀው ድምቀቱ ነው፣ አንዴ ከልክ በላይ የነጣ ቦታ በኋላ በምንም ዘዴ አይመለስምና።

ከላ ሞራ ላይ ማለዳ ማለት ብርሃንን ፊት ለፊት መጋፈጥ ስለሆነ፣ ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ቦታ መቀየር ግድ ይላል። የባሮሎ አገር አቀማመጥ ለዚህ ይመቻል፤ በምዕራብ የላ ሞራ ገመገም ፊቱን ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሰጥቶ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋው የሴራሉንጋ ሸንተረር ዝነኛ እርሻዎቹን በምዕራብ ጎኑ ይዞ ትይዩ ቆመዋል፤ ካስቲሊዮኔ ፋሌቶ የተባለችው ከተማም በመካከላቸው ባለ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። በካስቲሊዮኔ የቆመ ሰው እንግዲህ በማለዳ ወደ ላ ሞራ፣ በምሽት ወደ ሴራሉንጋ ቢዞር ሁልጊዜ የበራውን ጎን ያያል። ከዚህ ርቀት የሚያገለግለው ቴሌፎቶ የተባለው ረጅም ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ኮረብታዎቹን አቀራርቦ አንዱን በአንዱ ላይ የደረበ ያስመስላል ይባላል፤ በእርግጥ ግን አቀራራቢው ርቀቱ ነው፣ የሌንሱ ድርሻ ከሩቁ ትዕይንት ጠባብ ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ብቻ ነው። በሰፊ ሌንስ ከዚያው ቦታ ተነስቶ በኋላ የተቆረጠ ምስልም፣ ጥራቱ ከመቀነሱ በቀር፣ ያንኑ የተጠጋጋ መልክ ይሰጣል።

በጥዋቱ ብርሃን የቅጠሎቹ ቀለም መታየት ይጀምራል። በበልግ መግቢያ ተክሉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል እያፈረሰ ንጥረ ነገሩን ወደ ግንዱ ሲሰበስብ፣ ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ አንቶስያኒን የተባለውን ቀይ ቀለም አዲስ ያመርታሉ። በላንጌ ነቢዮሎ ወደ ወርቃማ ቢጫ፣ ባርቤራ የተባለው ዝርያ ወደ ቀይ ስለሚያደላ፣ አንድ ኮረብታ ከሩቅ ሲታይ የትኛው መሬት በየትኛው ዝርያ እንደተያዘ በቀለሙ መለየት ይቻላል። ሆኖም ያለጊዜው ደም መስሎ የቀላ ተክል ሁሉ ለገበሬው ደስታ አይደለም፤ ቅጠል የሚጠቀልል የቫይረስ በሽታ የያዘው የጥቁር ወይን ዝርያም እንዲሁ ይቀላል። በዚህ ሰዓት የሚጠቅመው መሣሪያ ከቅጠሉ ገጽ ላይ የሚንጸባረቀውን ነጭ ብልጭታ የሚያስቀረው ፖላራይዘር የተባለ ፊልተር ሲሆን፣ ሰማዩን በማጥቆር ረገድ ኃይሉ የሚበረታው ካሜራው ከፀሐይ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ሲዞር ነው።

ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ለመልክዓ ምድር እምብዛም አይጠቅምም፤ ወይኑ ስኳሩን የሚያጠራቅመው በዚሁ ነው። ብዙዎች ይህን ጊዜ በላ ሞራ ሥር፣ በብሩናቴ እርሻ መካከል በ1914 ለተሠራችው ትንሽ ሕንጻ ይሰጣሉ፤ ለጸሎት ቤትነት ታስባ ያልተባረከችውን ይህችን ሕንጻ በ1999 አሜሪካዊው ሶል ለዊት ከውጭ በደማቅ ቀለማት፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ትሬምሌት ደግሞ ከውስጥ በለዘበ ቀለም ቀብተዋታል። ከመጠን በላይ የተነሳች ናት፤ ግን የቀትር ፀሐይ የማይጎዳው ነገር በአካባቢው ከእርሷ ሌላ ብዙ የለም። የወይን ጠጅ ጓዳ ሌላው አማራጭ ነው። ባሮሎ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ውስጥ እንዲቆይ ደንቡ ስለሚያዝዝ፣ ግዙፎቹ የኦክ በርሜሎች በየጓዳው ተደርድረው ይገኛሉ። በለቀማ ሰሞን ወደዚያ የሚገባ ሰው አስተናጋጁን ተከትሎ ብቻ መግባት አለበት፤ የሚፈላው የወይን ጭማቂ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ተጠራቅሞ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም።

ከብርሃን ጥያቄ የከበደው በየመደዳው ጎንበስ ብለው ዘለላ የሚቆርጡት ሰዎች ጥያቄ ነው። የዛሬው ባለጸጋ ላንጌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የድህነት አገር ነበር፤ ቤፔ ፌኖሊዮ በ1954 ባወጣው «ላ ማሎራ» በተባለው ልብ ወለዱ የሌላ ሰው መሬት እያረሰ የሚማቅቀውን ጭሰኛ ኑሮ ጽፏል፤ ኑቶ ሬቬሊም የኩኔዮን አውራጃ ገበሬዎች ቃል ሰብስቦ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ከመሬቱ የተሰደዱትንና በፋብሪካ የተዋጡትን ሰዎች ታሪክ አስቀርቷል። የነዚያ ገበሬዎች ልጆች ከለቀቁት ሥራ ብዙው ዛሬ በሰሜን መቄዶንያ፣ በአልባንያ፣ በሮማኒያና በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች እጅ ላይ ወድቋል፤ የጉልበት ብዝበዛውም ነገር በጣሊያን እርሻዎች ሁሉ የከበደ በመሆኑ በ2016 ሕገወጥ የሠራተኛ ደላሎችንና ሠራተኛ የሚበዘብዙ አሠሪዎችን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶበታል። የእርሻው ባለቤት ፎቶ እንዲነሳ መፍቀዱ ለቃሚው ፈቅዷል ማለት አይደለም። በ1941 የወጣው የጣሊያን የቅጂ መብት ሕግም በአንቀጽ 96 የአንድ ሰው ምስል፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሠራተኛው በሰዓት ወይም በቀን የሚከፈለው ስለሆነ ጥያቄው የሚቀርበው በዕረፍት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ፊት ሳያሳዩ መቀስ የያዘውን እጅና ቅርጫቱን ማንሳት የሚለው ብዙ ጊዜ የሚመከር መውጫ ደግሞ ሕጉን ያሟላ ይሆናል እንጂ ሰውየውን ከሥዕሉ ያስወጣዋል።

ይህ ጉዳይ ወደ ሌላ የጣሊያን ፎቶግራፍ ክርክር ያመራል። የኤሚሊያው ተወላጅ ሉዊጂ ጊሪ በ1984 ከሌሎች 19 ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋር ያቀረበው «ቪያጆ ኢን ኢታሊያ» የተባለው ሥራ፣ በፖስት ካርድ የታወቀችውን አገር ትቶ የከተማ ዳርን፣ ባዶ መንገድን፣ ተራ ግድግዳን በማሳየት የጣሊያንን መልክዓ ምድር አተያይ ቀይሯል። በላንጌም የአዳዲስ ጓዳዎች የሲሚንቶ ሕንጻ፣ የብረት ምሰሶና የትራክተር መንገድ የአገሩ እውነተኛ አካል ናቸው፤ እነርሱን ሁሉ ከክፈፉ እያገለለ ግንብና ጉም ብቻ የሚለቅም ሰው የወይን ጠጅ ማስታወቂያ በነጻ ይሠራል ቢባል ስድብ አይሆንም።

ቀኑ ወደ 10 ሰዓት ሲቃረብ ሥራው ወደ ምሥራቁ ሸንተረር ይዞራል። ፋሌቲ የተባሉት ባላባቶች በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቀጭንና ረጅም የሴራሉንጋ ግንብ ከመንደሩ ጣሪያዎች በላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ የምዕራብ ብርሃን ጎኑን ሲመታው ከሩቅ ለሚያነሳ ሰው የሥዕሉ ምሰሶ ይሆናል። ወደ አድማስ የተጠጋች ፀሐይ ጨረሯ በከባቢ አየር ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ከቀትሩ እጅግ ስለሚረዝም፣ ሰማያዊው ብርሃን በመንገድ ላይ ተበትኖ ቢጫና ቀዩ ይቀራል፤ ወርቃማው ሰዓት የሚባለው ይህ ነው። በሥሌት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ቢሆንም፣ በላንጌ በስተምዕራብ የአልፕስ ተራሮች ስላሉ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቀድማ ትሰወራለች፤ ከእነርሱም አንዱ፣ 3,841 ሜትር ከፍታ ያለው ሞንቪዞ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ ጫፉ በግልጽ ይለያል። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ረጅም ነው፤ ፀሐይ በአዲስ አበባ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት ማየት የሚቻልበት ጊዜ 21 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ በላንጌ አጋድላ ስለምትወርድ 29 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ካሜራው በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ፣ አይኤስኦ የሚባለው የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት ወደ 100 ዝቅ ብሎ፣ መዝጊያው ለብዙ ሰከንዶች ተከፍቶ የመንደሮቹ መብራትና የሰማዩ ሰማያዊነት ሚዛን የሚደርሱበት ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል።

የቀረው ሥራ በኮምፒዩተር ፊት ነው። ካሜራው ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል የቀለሙን ሚዛን በኋላ ለመወሰን ስለሚፈቅድ፣ ማለዳ የነበረውን ሰማያዊ ቅዝቃዜ ማሞቅም፣ ነቢዮሎን ከቢጫ ወደ ብርቱካንማ መግፋትም በአንድ እጅ እንቅስቃሴ የሚሆን ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን አገሩን ለሚያውቅ ሰው ዝርያውን ይቀይርበታል። ከቀለሙ ይልቅ ችላ የሚባለው የምስሉ መግለጫ ነው። በ2010 የባሮሎ አገር እርሻዎች ድንበራቸው በካርታ ተለይቶ ይፋዊ ስም ስለተሰጣቸው፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ገመገም ምን ስም እንዳለው ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሰዓቱንና ቀኑን ካሜራው ራሱ ይመዘግባል፤ ለአንሺው የሚቀርለት ተዳፋቱ ወደ የት እንደሚያይ በኮምፓስ ለክቶ ከስሙ አጠገብ መጻፍ ነው።